ከአበባው በፊት ወተት ነበር

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ግራፍተን የምትባል የባቡር ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1908፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት በከተማዋ ወደሚገኘው አንድሩስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን 500 ነጭ የካርኔሽን አበባ ተልኮ መጣ። አበባው ለተሰበሰበው ሕዝብ ታደለ፤ ስለ እናቶችም ጸሎት ተደረገ። ላኪዋ አና ጃርቪስ ትባላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉትን እናቷን ለማሰብ ያደረገችው ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች በግንቦት ወር የሚከበረው የእናቶች ቀን የተወለደው በዚያ ዕለት፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአበባው ነው። ሥሩ ግን ከዚያ 50 ዓመት ይቀድማል፤ ለሕፃናት የሚቀርበው ወተት ሲመረመር፣ መድኃኒት መግዣ ሲዋጣ፣ የታመመች እናት ቤት በጎረቤት እጅ ሲጠረግ የተተከለ ነው። ክርስትና እናትን አክብሩ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከአበባው ይልቅ ያ ቀደም ያለው ሥራ ብዙ ይነግረዋል።

የአና እናት ወይዘሮ አን ሪቭስ ጃርቪስ የሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ ነበሩ። ቢያንስ 11 ልጆች ወለዱ። አድገው ለቁም ነገር የደረሱላቸው አራት ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ኩፍኝ፣ ታይፎይድ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያና የመሳሰሉት በሽታዎች ወሰዷቸው። በአገራችን እናት ከልጇ የምትመኘው ትልቁ ነገር ጧሪ ቀባሪ እንዲሆናት ነው። ወይዘሮ አን ግን ይቀብሩኛል ያሏቸውን ልጆች አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው ቀበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1858 ስድስተኛ ልጃቸውን አርግዘው ሳለ በዌብስተር፣ በግራፍተንና በአካባቢው ባሉ ከተሞች እናቶችን በማኅበር አደራጁ። ወንድማቸው ዶክተር ጄምስ ሪቭስ በታይፎይድ ላይ በሠሩት ሥራ የታወቁ ሐኪም ስለነበሩ ማኅበሩን በምክር ይረዱት ነበር። ሥራው የሚታይና የሚጨበጥ ነው። መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ይሰበስባሉ። እናቲቱ በሳንባ ነቀርሳ የተያዘችበት ቤት ካለ ሠራተኛ ቀጥረው ይልካሉ። ለልጆች የሚሸጠው ወተትና ምግብ ንጹሕ መሆኑን ይመረምራሉ። ስለ ንጽሕናም ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። ልጅ የሞተባት እናት የጎረቤቷ ልጅ እንዳይሞት ትሠራለች። ሐዘኑን ወደ አገልግሎት የለወጠው ክርስቲያናዊ እምነታቸው ነበር፤ ወይዘሮ አን በዚያችው በግራፍተን ቤተ ክርስቲያን 25 ዓመት ያህል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው አገልግለዋል።

ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። አካባቢው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከአንድ መንደር፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት፣ አንዱ ወደ ሰሜኑ ሌላው ወደ ደቡቡ ጦር ይሄድ ነበር። እነዚያ የእናቶች ማኅበራት ለማንም እንደማያደሉ ተስማምተው የሁለቱንም ወገን ወታደሮች አስታመሙ፤ አበሉ፤ አለበሱ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ወይዘሮ አን ከሁለቱ ወገን የተመለሱትን ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸውን ፕረንቲታውን በሚባለው ከተማ የፍርድ ቤት ግቢ ሰበሰቧቸው። ጠብ ይነሣል ተብሎ ብዙ ተፈርቶ ነበር። ጥላቻው ገና አልበረደም ነበርና ፍርሃቱ ምክንያት ነበረው። ቀኑ ግን በሰላም አለፈ። በጦርነት ልጆቿን የገበረች አገር ውስጥ ለሚኖር አንባቢ የዚያ ስብሰባ ትርጉም ሩቅ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ያለች እናት ያውቃል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 የተጻፈችው ሪጽፋ በስብከት ላይ እምብዛም አትነሣም። የንጉሥ ሳኦል ቁባት የነበረች፣ ሁለት ልጆቿ በሳኦል በደል ምክንያት ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ተሰቅለው የተገደሉባት ሴት ናት። ሬሳቸው አልተቀበረም። ሪጽፋ ማቅ በዐለት ላይ አንጥፋ፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ቀን አሞራውን፣ ሌሊት አውሬውን ስታባርር ከረመች። ልቅሶዋን የሚደርስ፣ አይዞሽ የሚላት አልነበረም። በመጨረሻ ወሬው ከንጉሥ ዳዊት ዘንድ ደረሰ። ዳዊት የሟቾቹን አጥንት አስለቀመ፤ ለዓመታት በሌላ ስፍራ የቆየውን የሳኦልንና የዮናታንንም አጥንት አስመጥቶ በሳኦል አባት መቃብር በክብር አስቀበረ። ንጉሡ ሪጽፋን ያከበራት በምስጋና ቃል አይደለም። ብቻዋን የተሸከመችውን ሥራ መንግሥት እንዲፈጽመው በማድረግ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ የቆመውን የሴቶች ሐውልት ያየ ሰው የሪጽፋ ታሪክ የጥንት ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። በዚያ ዘመን የልጃቸው ሬሳ የተከለከሉ፣ እንዳያለቅሱም የታዘዙ እናቶች በየሰፈሩ ነበሩ።

አባትንና እናትን ማክበር የሚያዘው ትእዛዝ ለሕፃናት የተሰጠ ይመስላል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አብዝቶ የሚነገረው ለልጆች ነው። በሲና ተራራ ሥር ቆመው የሰሙት ግን ጎልማሶች ነበሩ፤ ከነሽማግሌዎቻቸውና ከነአሮጊቶቻቸው በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች። ጡረታ በሌለበት፣ ሆስፒታል በማይታወቅበት ዘመን ያረጀ ወላጅ ያለው መድን ልጁ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ እጅ ነሥታችሁ ቁጭ በሉ ከማለት ያልፋል፤ መጦርን ይጨምራል።

ጌታ ኢየሱስ ይህን ጉዳይ በአንድ ብርቱ ተግሣጽ ግልጽ አድርጎታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው በዘመኑ አንድ ልማድ ነበር። ልጅ ወላጆቹን ሊረዳበት የሚችለውን ሀብት «ቁርባን ነው»፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው፣ ካለ ከዚያ በኋላ ለአባቱም ለእናቱም ምንም ባያደርግ የሚጠይቀው አልነበረም። ክርስቶስ ይህን የሚያስተምሩትን ሰዎች በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ ሲል ገሠጻቸው። ይህ ለዛሬ ምእመንም የሚከብድ ነገር ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ በአደባባይ ስሙ እየተጠራ ሺህ ብር የሚሰጥ፣ እናቱ ግን የደም ግፊት መድኃኒት መግዣ አጥታ ከጎረቤት የምትበደርበት ሰው በየደብሩና በየጉባኤው አለ። እግዚአብሔርን ማገልገል ከእናት ዕዳ ማምለጫ ሊሆን እንደማይችል የተናገረው የእናቲቱ ዘመድ ወይም የቀበሌ ሽማግሌ ሳይሆን ራሱ ጌታ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈለት መልእክት ጉዳዩን ወደ አሠራር ያወርደዋል። ባል የሞተባት ሴት ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ካሏት ብድራቷን መመለስ የእነሱ ፋንታ ነው፤ የቤተ ሰቦቹን ኑሮ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጠራል። ዘመድ የሌላት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ናት። የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰ መበለቶች የሚጻፉበት መዝገብ እንደነበራት ከዚያው መልእክት እንረዳለን። ስማቸው ተጽፎ፣ ኑሯቸው ታውቆ፣ ምግባቸው ተመድቦ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀራንዮ አለ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ከተናገራቸው ሰባት ቃላት አንዱ ስለ እናቱ ኑሮ ነው። ቁስሉ እየደማ፣ ትንፋሹ እያጠረ ሳለ ከእግሩ ሥር የቆመችውን እናቱን አየ፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ እርሱንም ለእርስዋ ልጅ አደረገው። ዮሐንስ አደራውን ለነገ አላለም፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የእርሱ ቤት ቤቷ ሆነ። የዓለሙን ኃጢአት በተሸከመበት ሰዓት እናቱ ማን ቤት እንደምታድር ማሰቡን ክርስቲያን ሁሉ ጊዜ ወስዶ ሊያስተውለው ይገባል።

አና ጃርቪስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ መጽሐፍ ቅዱስ እናቶች ካስተማሩ በኋላ ባደረጉት ጸሎት፣ እናቶች ለሰው ልጆች ለሚያበረክቱት አገልግሎት መታሰቢያ የሚሆን ቀን አንድ ሰው ይመሠርት ዘንድ ሲለምኑ ሰምታለች። ወይዘሮ አን እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1905 ሲያርፉ ይህን ጸሎት ለመፈጸም ቆርጣ ተነሣች። ለገዥዎች፣ ለቀሳውስት፣ ለነጋዴዎች ደብዳቤ ጻፈች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1914 ፕሬዝዳንት ውድሮው ዊልሰን የሜይ ወር ሁለተኛ እሑድ የእናቶች ቀን እንዲሆን አወጁ።

ድሉ ግን ብዙ ደስታ አልሰጣትም። የአበባ ነጋዴዎች የካርኔሽንን ዋጋ አናሩት፤ የፖስታ ካርድ አታሚዎችና የከረሜላ ፋብሪካዎች ቀኑን ገበያ አደረጉት። አና የቀረ ዕድሜዋን ይህን በመቃወም ጨረሰችው። ከሰሰች፤ ጻፈች፤ በየስብሰባው እየገባች ተከራከረች። እ.ኤ.አ. በ1925 በፊላደልፊያ የጦርነት እናቶች ማኅበር ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ካርኔሽን ይሸጥበት በነበረ ጉባኤ ላይ ረብሻ አስነሣሽ ተብላ በፖሊስ ተያዘች። የወረሰችውን ገንዘብ በዚህ ትግል አሟጠጠች። አላገባችም፤ አልወለደችምም። እ.ኤ.አ. በ1948 በ84 ዓመቷ በፔንሲልቬኒያ በአንድ የሕሙማን መጦሪያ ስታርፍ የዓይኗ ብርሃን ጠፍቶ፣ ገንዘቧም አልቆ ነበር።

አና አበባ አልጠላችም፤ ነጩን ካርኔሽን የመረጠችው ራሷ ናት፤ እናቷ ይወዱት ስለነበር። ያስቆጣት ሰዎች ለእናታቸው ሁለት መስመር ለመጻፍ እንኳ ሰንፈው የታተመ ካርድ ገዝተው መላካቸው ነው። በእናቷ ዘመን የነበረው የወተት ምርመራ፣ የሕመምተኛ ቤት ሥራ፣ የመድኃኒት መዋጮ ከበዓሉ ውስጥ ወጥቶ አበባው ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት፤ የእናቶችን ቀን በአበባና በኬክ የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ጥፋት አትሠራም። የምትጎድለው አበባው ሲጠወልግ ማክሰኞ ላይ ለዚያች እናት የሚተርፍላት ነገር ከሌለ ነው።

አንድ የሚያስገርም የቀን ግጥምጥሞሽም አለ። ወይዘሮ አን ያረፉበትም፣ የዊልሰን አዋጅ የወጣበትም ሜይ 9 በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 ነው፤ ግንቦት ልደታ። የሜይ ሁለተኛ እሑድም ሁልጊዜ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ሳምንት ውስጥ ይውላል። ግንቦት ልደታ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲያዝኑ ኖረው፣ በሊባኖስ ተራራ እመቤታችንን የወለዱበት መታሰቢያ ነው። በየሰፈሩ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ቡና አፍልቶ ያከብረዋል። በዓሉ የልጅ ልደት ቢባልም የሐና እናት መሆንም በዓል ነው። ከአሜሪካ የመጣውን ቀን የማይወድ ምእመን ቢኖር፣ በቤቱ ከዚያ የቆየ የእናት በዓል አለው።

በዚያ በዓል የሚታወሰው ወሊድ ደግሞ በአገራችን ለብዙ ዘመን የሞት ደጃፍ ነበር። ምጥ ሲጠና በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ማርያምን ይማጸናሉ። ስትገላገል ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይመጣል፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሲሞላ ክርስትና ይነሣል። አራሷን ወጥ ሳትሠራ፣ ውኃ ሳትቀዳ የሚያኖራት የጎረቤትና የዘመድ እጅ የወይዘሮ አን ማኅበር ሲሠራ የነበረውን ሥራ ያለ ስም ሲሠራ ኖሯል። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብታችን ነው።

ሆኖም ጸሎትና ገንፎ ብቻቸውን ያላዳኗቸው ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። በመካከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሰማሩ። አምቡላንስ ገባ። የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ ከሩቅ የምትመጣ እናት የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው ተሠራ። በአንዳንዶቹም ለወለደችው እናት ገንፎ እዚያው ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል።

በዚህ መስክ በእምነት ምክንያት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የዶክተር ካትሪን ሃምሊንና የባለቤታቸው የዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ሥራ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲመጡ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሦስት ዓመት ውል ነበራቸው። እዚህ ሲደርሱ ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው ያላዩት ጉዳት ገጠማቸው። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። የተጫነው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። በሽታው ባል ያስፈታል፤ ከማኅበርና ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራል። ልጅ ለመውለድ የከፈለችው ዋጋ ከሰው ተራ ያወጣታል።

ባልና ሚስቱ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። የዳነችው ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሄዳለች። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተመሠረተ፤ ችግሩን ከምንጩ ለማድረቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው አርፈዋል፤ ካትሪን ያረፉት አዲስ አበባ በቤታቸው ነው። ሥራቸውን የጀመሩትም የቀጠሉትም በክርስቲያናዊ እምነታቸው እንደሆነ ሳይታክቱ ይናገሩ ነበር።

ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ገና በልጅነቷ ለቀናት ባማጠችው ምጥ ተጎድታ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ወጣት ነበረች። ከታከመች በኋላ ከሐኪሞቹ ጋር ቀርታ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ በቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳት ሆነች፤ በመጨረሻም እርሷ ራሷ የምታክም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች። በወሊድ ልጇን ያጣች ሴት ሌሎች እናቶችን ስታድን ኖረች።

ዛሬ የእናት መሥዋዕትነት በሌላ መልክም ይታያል። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ራሳቸው እናቶች ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ እያጠቡና እያበሉ የራሳቸውን ልጅ በስልክ ያሳድጋሉ። ያንን ልጅ ቤት ውስጥ የምታሳድገው አያቱ ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ጠርቶ ማንሣቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ የአያት ድካም በመጽሐፍ ቅዱስ ተመዝግቧል። በአሜሪካና በአውሮፓም ሌላ ዓይነት እናት አለች። የልጅ ልጅ ልታሳድግ ተጠርታ ሄዳ፣ ቋንቋ ሳታውቅ፣ መኪና ሳትነዳ፣ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር በአፓርታማ ተዘግታ የምትውል። የሳምንቱ መውጫዋ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያደርሳት ከተገኘ። ልጆቿ ይወዷታል፤ ነገር ግን ለእሷ ብሎ አንድ ቀን ከሥራ የሚቀር ስንቱ ነው?

ስለዚህ ግንቦት ሲመጣ በዓሉን ለሚያዘጋጁ ሰበካ ጉባኤዎች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጉባኤ መሪዎች ሁሉ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። አዳራሹን ከማስጌጣችሁ በፊት እንደ ጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ክፈቱ። ጧሪ የሌላቸውን እናቶች ስማቸውን፣ መድኃኒታቸውንና የቤት ኪራያቸውን ጻፉ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚጠይቃቸው መድቡ። በሰፈራችሁ ያለችውን ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰውና የትራንስፖርት ገንዘብ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እናቱ በሕይወት ያለችለት አንባቢ ደግሞ ዛሬ ይደውልላት፤ ስለ ጤናዋ ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ካለችው በኋላም ቤቷ ምን እንደጎደለ ደግሞ ይጠይቃት።